ሰው ስለማይፈልጋት ታናሽ አበባ

ሰው ስለ አንድ ነገር ሲነገረው ከሁሉ አስቀድሞ «ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገበሬ ስለ ዘሩ፥ እናት ስለ ቤትዋ ዕቃ፥ ተማሪም ስለ ትምህርቱ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ አንድ ጥያቄ የሁሉ መመዘኛ በሆነ ጊዜ የማይበላውንና የማይሸጠውን ነገር ሁሉ እንደ ከንቱ መቍጠር እንጀምራለን፤ እንደ ከንቱ የቈጠርነውንም ለመርገጥ ምክንያት አንፈልግም። ስለዚህ ለሰው የማይጠቅም ነገር ዋጋ አለውን? ዋጋስ ካለው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ይህን ነገር በባዶ ቃል ከመመርመር ይልቅ በአንዲት ታናሽ የተራራ አበባ መመርመር ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን የእንጦጦ ጋራ ቆሟል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ ጋራ እንደ ቤት ጣሪያ ነው፤ በሰሜን ፊቱ የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፥ በደቡብ ፊቱ የወረደው ግን በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። በምሥራቅ የየካ ኮረብቶች ይከተሉታል። ከእነርሱም ዝቅ ብሎ አያት የሚባለው ሰፈር አለ፤ ይኸውም በ2015 የተከፈተው የከተማ ባቡር መስመር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃበት ነው። የአያት ሰው ማለዳ መስኮቱን ሲከፍት ኮረብታውን ያያል፤ ነገር ግን ኮረብታውን ማየትና በኮረብታው ላይ ያለውን ማየት አንድ አይደለም።

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ ደጋው ሁሉ የአደይ አበባን ቢጫ ይለብሳል። አደይን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ ይለቅሙታል፥ ባለቅኔውም ስሙን ይጠራል። ከአደይ በታች ግን፥ በሣሩ መካከል፥ ብርሃን በሚያገኘው ገላጣ መሬት ላይ፥ ማንም የማይዘፍንላት ሌላ አበባ አለች። አጭር ናት፤ ጐንበስ ብሎ ሣሩን ያልገለጠ ሰው አያገኛትም። ቅጠሎችዋ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፥ ጠርዛቸውም ያልተተለተለ ልሙጥ ነው። አበባዋ ነጣ ያለ፥ እስከ ሥሩ ድረስ የተከፈለ፥ ትንሽ ኮከብ የሚመስል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ስዌርሲያ አቢሲኒካ ይሏታል፤ የሐበሻ ስዌርሲያ ማለት ነው። በእኛ ደጋ ብቻ ሳትወሰን በሌሎችም የአፍሪካ ተራሮች ሣር ውስጥ ትበቅላለች።

ይህች አበባ ስመ ጥር ዘመዶች አሏት። በአውሮፓ በአልፕ ተራሮች ላይ ጌንቲያና የሚባል አበባ አለ፤ ብዙው ዓይነት ጥልቅ ሰማያዊ ስለ ሆነ የዚያ አገር ሰዎች በመዝሙርና በሥዕል ያከብሩታል። የጥንት ጸሓፊዎች እንደ ተናገሩት ስሙ የወጣለት በጌንቲዩስ ነው፤ እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ሮማውያን ድል ያደረጉት የእልዋሪቆን ንጉሥ ነበረ። ጌንቲያና በእስያም፥ በአሜሪካም፥ በሰሜን ምዕራብ የአፍሪካ ጫፍም ይገኛል፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ግን በተፈጥሮው አይበቅልም። በእኛ ተራሮች የእርሱን ስፍራ ይዛ የምትገኘው ስዌርሲያ ናት። ወገናቸው ሁሉ በመራራነቱ የታወቀ ነው፤ የአልፕ ሰዎች የቢጫውን ጌንቲያና ሥር ቀቅለውና ዘፍዝፈው ለሆድ መድኃኒት አድርገውታል። ኮሶ የጠጣ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ስለ ስሟ ጥቂት ልናገር፤ በስሟ ውስጥ ትምህርት አለና። ስዌርሲያ የተባለችው ኢማኑኤል ስዌርት በሚባል በሆላንድ ሰው ስም ነው። ይህ ሰው የአበባ ነጋዴ ነበረ፤ በ1612 በፍራንክፈርት ያሳተመው ትልቅ የአበባ ሥዕል መጽሐፍም ለገዢዎች የሸቀጥ ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር። እንግዲህ ተመልከት፤ በገበያችን ማንም ዋጋ ያልጠየቀባት አበባ በነጋዴ ስም ትጠራለች! «የሐበሻ» የሚለውን ቅጽል የሰጣት ደግሞ ሆክሽቴተር የሚባል የጀርመን አገር ሊቅ ነው፤ ስሟንም ያወጣው በ1844 ነው። እርሱ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። በዚያ ዘመን ከአገራችን ዕፅዋትን እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ የነበረው ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ በ1837 መጥቶ በትግራይና በስሜን ኖረ፥ በደጃዝማች ውቤ ዘመንም የእንትጮን አገር እስከ መግዛት ደረሰ፥ በ1878ም በአድዋ ሞተ። የላካቸው ዕፅዋት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ገንዘብ አዋጥተው ለነበሩ ሰዎችም በየአገሩ ተከፋፈሉ።

ወደ አበባይቱ እንመለስ። ከእያንዳንዱ የአበባዋ ቅጠል ሥር ትንሽ ጕድጓድ አለች፤ በጕድጓዲቱም ውስጥ ጣፋጭ ወለላ ይገኛል። በአፍዋ ዙሪያ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ያለ ቀጭን ጠጕር ተተክሏል። ይህ ሁሉ የተሠራው ለሰው ዓይን አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ዕድሜውን ይጨርሳል። የተሠራው ወለላውን ፈልጋ ለምትመጣ ለትንሽ በራሪ ነፍሳት ነው፤ እርስዋም ወለላውን ስትልስ የአንዱን አበባ ዱቄት ወደ ሌላው ታደርሳለች፥ በዚህም ዘር ይሆናል። እንግዲህ «ማንም ሳያያት ከንቱ አበበች» የሚል ሰው ተሳስቷል። የታዘዘችለትን ሥራ ሠርታለች፤ ሥራዋ ግን ከእኛ ጋር አይደለም።

ምናልባት አንድ ሰው «ፍጥረት ሁሉ ለሰው አገልግሎት ተፈጥሯል፤ ሰውን የማያገለግል ነገር ምን ዋጋ አለው?» ይል ይሆናል። ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳሉ። እኔ ግን መጽሐፈ ኢዮብን በ38ኛው ምዕራፍ ያንብቡ እላቸዋለሁ፤ በዚያ እግዚአብሔር ኢዮብን ሲጠይቀው ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ ስለ መውረዱና በዚያም ሣር ስለ መብቀሉ ይናገራል። ሰው የሌለበት ስፍራ ውኃ ሲጠጣ ማን ተጠቀመ? ሣሩ ነው። ከኢዮብ ጋር የነበረው ክርክር ሁሉ ኢዮብን ከዓለም መካከል ወደ ጥግ ለማውጣት የተደረገ ይመስላል፤ ሊያዋርደው አይደለም፥ ስፍራውን ሊያሳየው ነው እንጂ።

የጌታችንም ስለ ሜዳ አበባ የተናገረው ቃል በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይታይ ያልፋል፤ ጌታ የአበባውን ክብር ከሰሎሞን ልብስ በላይ ባደረገበት በዚያው ንግግር ሣሩ በማግስቱ ወደ እሳት እንደሚገባ አልሸሸገም። እሳት አንድዶ እንጀራ የሚጋግረውን ሰው አልወቀሰም። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በከተማችን ስለ እንጦጦ ሲነገር ጥፋቱ ሁሉ እንጨት በሚለቅሙት ድሆች ላይ ሲጣል ስለ ሰማሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ከተሙ፥ በ1886ም አዲስ አበባ ከበታቹ ተቈረቈረች። የሕዝቡ ብዛት፥ የቤቱ ሥራና የማገዶው ፍጆታ በጥቂት ዓመት የአካባቢውን ጽድና ወይራ ጨረሰው። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሥራ አስጀምረው ነበር። በ1890ዎቹ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ቀረች። የጋራው ፊት ሁሉ ባሕር ዛፍ ለበሰ፤ ከዚያም በኋላ ትውልድ ከትውልድ እናቶችና ልጃገረዶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቍልቍለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። ባሕር ዛፍ በተጠጋጋበት ስፍራ ሣሩ ይሳሳል፥ ብርሃንም ያንሳል፤ ብርሃን የምትወድ ታናሽ አበባ ከዚያ ትሸሻለች።

እንግዲህ ማን በደለ? ባሕር ዛፍን ያስተከሉትን አልከስም፤ ያለ እርሱ ይህች ከተማ አትኖርም ነበርና። ሸክም ያጐበጣትን ሴት ደግሞ አበባ ረገጥሽ ብሎ የሚወቅስ ሰው ሸክሙን ተሸክሞ አንድ ኪሎ ሜትር ይሂድና ከዚያ በኋላ ይናገር። በአያትም እርሻና ግጦሽ የነበረው ቦታ ቤት ሆኗል፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፥ ልጆቹንም በሜዳ አያሳድግም። በችግር የተደረገና በግዴለሽነት የተደረገ ነገር ለአበባይቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም ትሞታለች። ለሠራው ሰው ግን አንድ አይደለም። ድሃይቱ የረገጠችው ዓይንዋ መንገዱን እየፈለገ ነው። በበዓል ቀን ወጥቶ፥ ጠግቦ በልቶ፥ አበባውን ከነሥሩ ነቅሎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶበት ሲያበቃ በመንገድ ላይ የሚጥለው ሰው ግን ምን አስገደደው? እርሱ አበባይቱን አይቷል፤ ውብ መሆንዋንም አውቋል፤ አውቆ ጣላት። እንጦጦ በ2020 ለመናፈሻ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ጋራው የሚወጣው ሰው በዝቷልና ይህን መናገር ያስፈልጋል።

ሌሎች ደግሞ መልካም የሚመስል ምክንያት ያቀርባሉ። «ይህች አበባ ነገ መድኃኒት ልትሆን ትችላለችና እንጠብቃት» ይላሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ መሠረቱ ግን ደካማ ነው። በሕንድና በኔፓል በሂማላያ ተራሮች የስዌርሲያ ወገን የሆነ ቺራታ የሚባል ተክል አለ፤ መራራነቱ ለትኵሳትና ለጕበት መድኃኒት ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይፈለጋል። ይህ ተክል በመጥቀሙ ተጠበቀን? አልተጠበቀም፤ ጥቅሙ ስለ ታወቀ በሸክም በሸክም ተነቅሎ ከብዙ ስፍራ ሊጠፋ ደረሰ። በእኛም አገር ኮሶን አስቡ፤ ስሙ በየቤቱ የሚታወቅ መድኃኒት ነበረ፥ ዛፉ ግን ከብዙ ደጋ ተቈርጦ አልቋል። ጥቅም ለተጠቃሚው ምክንያት ነው እንጂ ለሚጠቅመው ነገር ጋሻ አይደለም። ስለዚህ አበባይቱን ስለ ጥቅሟ የሚጠብቅ ሰው፥ የማትጠቅም መሆንዋ በተረጋገጠ ቀን ይተዋታል፤ የምትጠቅም መሆንዋ በተረጋገጠ ቀንም ይጨርሳታል።

እንግዲያስ በምን ምክንያት ትጠበቅ? የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የራሱ የሆነ መልካም ነገር አለው፤ ለስዌርሲያ መልካሙ ማበብና ዘር ማድረስ ነው። እኔ ይህን መልካም አልሰጠኋትም፤ ስለዚህ በዋዛ ልነሣት ሥልጣን የለኝም። ችግር ሲያስገድደኝ እወስዳለሁ፥ ስወስድም የወሰድኩትን አውቃለሁ፤ ለሚቀጥለው ዘመን የሚሆነውንም አስቀራለሁ። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ሕጉ ሰውየውን በባዶ እጁ አልሰደደውም፤ ሁሉን ጠራርጎ እንዳይሄድ ከለከለው እንጂ።

ይህ ሕግ ለስዌርሲያ እንዴት እንደሚስማማ የሚታየው አኗኗርዋን ላወቀ ሰው ነው። ይህች አበባ እንደ ዛፍ ወይም እንደ ጊዜያዊ ደረቅ መስሎ ከሥሩ እንደሚያቈጠቍጥ ተክል አይደለችም። በአንድ ዓመት በቅላ፥ አብባ፥ አፍርታ ትሞታለች። ለከርሞ የሚቀረው ዘርዋ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘር ሳታፈራ የነቀላት ሰው አንዲት አበባ የነቀለ ይመስለዋል፤ የነቀለው ግን የሚመጣውን ዓመት ጭምር ነው።

አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት እንዲያደርቅ ስለ ታዘዘ «አንዲት መውሰድ ኃጢአት ነውን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም አልሁት። ብዙ ባሉበት ስፍራ አንዲት ውሰድ፤ ነገር ግን የወሰድህበትን ስፍራና ቀን ጽፈህ አኑር፤ ያለዚያ ድርቆሽ ነው የያዝከው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር በ1959 የተቋቋመ ነው፤ በዚያ የተቀመጡት የደረቁ ዕፅዋት ሁሉ እያንዳንዳቸው የበቀሉበት አገርና የተለቀሙበት ቀን ተጽፎባቸዋል። ኢትዮጵያውያንና የስዊድን ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ከ1980 እስከ 2009 የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በእንደዚህ ያለ ቅጠል ላይ የተመሠረተ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል! በጥንቃቄ የተወሰደች አንዲት አበባ ለብዙ ዘመን ታስተምራለች፤ ሺምፐርንም የማከብረው ስለዚህ ነው፥ ምንም እንኳ የለቀመው ብዛት ዛሬ ቢያስደነግጠን።

ደግሞ ከእጅ ያልወጣ ጥፋት አለ፤ ይህም ይከብዳል። ከእንጦጦ እጅግ ከፍ ባሉት በስሜን ተራሮችና በባሌ በሳነቲ አምባ፥ 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ የስዌርሲያ ዘመዶች ከጅብራው ግርጌ ይኖራሉ። በዚያ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው፤ እነርሱ ግን ለዚህ ተሠርተዋል። ብርድ የሚወዱ ዕፅዋት በተራራ ጫፍ መኖራቸው በባሕር መካከል በደሴት እንደ መኖር ነው፤ ዙሪያቸው ሞቃት ቈላ ነው። የምድር ሙቀት በጨመረ ጊዜ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ተራራው ካለቀ በኋላ ግን የሚሸሹበት የለም። ሙቀቱን ያመጣው ጭስ በብዛት የወጣው ስሜንን በካርታ እንኳ ካላዩ ሰዎች አገር ነው። ሰው ያላየውን እንዴት ይበድላል የሚል ካለ፥ እነሆ መልሱ። ይህን ለከተማችን ድሃ መጫን አይገባም፤ መኪና ያለውና መብራት የማያጠፋው ሰው ግን ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም፥ በአያትም ቢኖር በሎንዶን።

በእኛ እጅ ያለው ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። በየካ ኮረብታ ሥር ሣር የሚያሳጭድ፥ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚጠብቅ፥ ወይም ቤት ሠርቶ ትርፍ መሬት ያለው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው በጥቅምት ግቢውን ሁሉ አስላጭቶ እንደ ምንጣፍ ማድረግን ንጽሕና ይለዋል። የኦርቶዶክስ አባቶች በአድባራቱ ዙሪያ ያለውን ዛፍ ሳይቈርጡ ለብዙ መቶ ዓመት ጠብቀዋል፤ በሥርዓት ከእነርሱ ብለይም በዚህ ነገር ተማሪያቸው ብሆን አላፍርም። ዛፍ ለመጠበቅ አለመቍረጥ ይበቃል፤ ለሣር አበባ ግን ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከግቢው አንዱን ጥግ፥ ገላጣውንና ዛፍ ያልጋረደውን፥ ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ ሳያጭዱ ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ ይታጨድ፥ ለከብትም ይሁን፥ ላሚቱም ከድርሻዋ ብዙ አይጐድልባትም።

ጊዜውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነጩ ኮከብ ይጠወልጋል፤ በመካከሉ የቀረችው ትንሽ ፍሬ አስቀድማ አረንጓዴ ናት፥ ኋላም ገለባ ትመስላለች፥ በመጨረሻም ከጫፏ ለሁለት ትከፈላለች። በጣት ቢነኳት ከጤፍ የማይተልቅ ዘር በመዳፍ ላይ ይፈሳል።